ጀርባዬ ላይ የተሰገደው ጁምዓ

ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው ፊደል የቆጠረው አርባ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ አትገረሙ። ማሳመር አልችልበትም፤ ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምነግራችሁ።

ያኔ እህል በረንዳ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ሥራው ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ለወገብ አይደለም እንጂ። ኩንታል ከመኪና ታወርዳለህ፣ መጋዘን ውስጥ ትከምራለህ፣ ገዢ ሲመጣ ከክምሩ አውርደህ ትጭናለህ። ብቻህን አትሠራውም፤ እያንዳንዱ ሰው ጥንድ አለው። የእኔ ጥንድ ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ተሸክመናል።

በዚያን ጊዜ ከማንም ጋር የምስማማ ሰው አልነበርኩም። ልጄ ትዕግሥት በሰባት ዓመቷ ሞታብኝ ነበር። ሰኞ አተኮሳት፣ ቅዳሜ ቀበርናት። ለቅሶ የመጣው ሁሉ፣ ቄሱም ጎረቤቱም፣ ተማክሮ የመጣ ይመስል አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለኝ። "እሱ ያውቃል።" ምንድነው የሚያውቀው? ካወቀ ለምን ለእኔ አይነግረኝም? ይህን ጠየቅኩ፤ የመለሰልኝ የለም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጥኩም። "እንዴት አደርክ?" ላለኝ "እንዳየኸኝ" ነበር መልሴ። ተመስገን የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ ጥዬው ነበር። ሚስቴም ታግሣ ታግሣ እናቷ ዘንድ ሄደች። አልፈርድባትም።

ሰይድ ብቻ ነበር የቻለኝ። ስሳደብ ይስቃል፣ ስቆጣ ምሳውን ያካፍለኛል። አንድ የሚያናድደኝ ነገር ነበረው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ መኪና መጣ አልመጣ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ እግሩን ታጥቦ፣ ኮፍያውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ አንዋር መስጊድ ይሄዳል። እኔ ኩንታል ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ሥራ ስለቆመብኝ ብቻ አልነበረም የምናደደው። እኔ ያጣሁትን ነገር እሱ በየሳምንቱ ታጥቦ ሲሄድበት ማየቱ ነው ያናደደኝ። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

በዚያ ዓርብ ሊታጠብ ጆጉን እንዳነሣ መኪና መጣ።

"አያልነህ! ሰይድ!" አሉ ጋሼ ወርቁ፣ የመጋዘኑ ባለቤት። "ሰውየው ማኛ ነው የሚፈልገው፤ ሠርግ አለበት። መኪናው መንገድ ዘግቷል፣ ቶሎ በሉ!"

ማኛው ነጩ ጤፍ ነው። የተቀመጠው ከሥር ነበር። በላዩ ላይ ቀይና ነጭ የተቀላቀለው ሠርገኛ ጤፍ እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምሮበታል። እህል በረንዳ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ክምር የሚፈርሰው ከላይ ነው። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ከታች ይቀበላል፣ በተራ በተራ እየወረደ ከሥር ያለው ዘንድ ይደረሳል። ጊዜ ይፈጃል።

"ልሂድ፤ ስመለስ እናወርዳለን" አለ ሰይድ።

"አንድ ጁምዓ ቢያመልጥህ ሰማይ ይወርድብሃል?" አልኩት።

"አይወርድብኝም።"

"እንግዲያው ውጣ። አላህህ ትንሽ መጠበቅ ካቃተው እኔ ይቅርታ እጠይቅልሃለሁ።"

ሳቀ። "አንተ? አንተማ ከሱ ጋር ተኳርፈሃል። ማን ይሰማሃል?"

ጋሼ ወርቁን አየ፤ በር ላይ እየተቁነጠነጡ ነው። እኔን አየ። ከዚያ ጆጉን አስቀምጦ ወጣ። ሊያስቀይመኝ ስላልፈለገ ነው የወጣው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

የላይኛውን መደዳ እንደጀመርን ከአንዋር ድምፅ ማጉያ የስብከቱ ድምፅ ተሰማ። ሰይድ እጁ ፈጠነ። እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። "ይሄ ሰው አሁን ጥሎኝ ይሄዳል፤ ማኛውን አውጥቼ ልገላገል" አልኩና ከጥግ በኩል ጎንበስ ብዬ የሥረኛውን ኩንታል ጆሮ ያዝኩ። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የሚሆነውን አውቃለሁ። ሳብኩት።

ክምር ሲሄድ እንደ ሕንፃ አይጮህም። ሽሽሽ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ረጅም ትንፋሽ ይመስላል። እኔ ወደ በሩ በኩል ስለነበርኩ ዘለልኩ። ዘወር ስል ክምሩ የለም። ሰይድም የለም። ነጭ አቧራ ብቻ ነው።

"ሰይድ!"

ወደ አቧራው ሮጬ ገባሁ።

"ሰይድ! አንተ ሰውዬ!"

ጋሼ ወርቁ ጭንቅላታቸውን ይዘው "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!" ይላሉ። ከጎረቤት መጋዘኖች ሰዎች ሮጠው መጡ። ለሁለት ለሁለት እያነሣን ወደ ውጭ መወርወር ጀመርን። የፈነዱት ኩንታሎች ነበሩ ያስቸገሩን። አንዱን ስናነሣ የፈሰሰው ጤፍ ጉድጓዱን መልሶ ይሞላዋል። በእጃችን ብንዝቀው ይመለሳል። ጤፍ ውስጥ ሰው ስንት ደቂቃ ይቆያል? ይህን ማንም አልተናገረውም፤ ሁላችንም ግን እሱን ነበር የምናስበው።

"አትርገጡት! ላዩ ላይ ቆማችኋል!" አለ አንዱ።

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ዘለን ወረድን። ከዚያ የት እንደምንቆም ጠፋን። አንዱ ግድግዳው ጋር ነው ይላል፣ አንዱ በሩ ጋር ነው ይላል። እኔ ወድቄ በክርኔ ቆፈርኩ። ጥፍሬ ተነቅሎ ነበር፤ ያወቅኩት ማታ ነው።

መጀመሪያ ጣቱን አገኘሁ። ይዤ ስስበው መልሶ ያዘኝ።

ፊቱን ስናወጣው አፍንጫው፣ ዓይኑ፣ አፉ ጤፍ ብቻ ነው። ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ ጠረግኩለት። ሳለ። ደግሞ ሳለ። ዓይኑን ከፈተና እንዲህ አለኝ፦

"ስንት ሰዓት ነው?"

ሰውነቱ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ቀረ። ከጉልበቱ በታች ኩንታሎቹ ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር አጣብቀውታል። ስናላቅቀው ወደማይዞርበት ዞሮ አየሁት። ደሙ ማኛው ላይ ፈስሶ ሊጥ ሆኗል። ከጉልበቱ በላይ በገመድ አሰርነው፣ ከሥሩ ጣውላ አደረግንለት።

አምቡላንስ ሲደወል "መንገዱ ሲከፈት" ተባለ። ዓርብ በዚያ ሰዓት መርካቶ ውስጥ መኪና ማሰብ ሞኝነት ነው። ማኛውን ሊጭን የመጣው መኪና ራሱ ተቀርቅሮ ቆሟል። ጋሪ መጣ፤ ገና ሳይንቀሳቀስ ሰይድ ጮኸ። ድንጋዩ ላይ ሲንገጫገጭ ሊገድለው ነው።

"አሸክሙኝ" አልኩ።

ጀርባዬ ላይ አደረጉት። ሁለት እጁን አንገቴ ላይ ጠመጠመ። ጋሼ ወርቁ በስልሳ ዓመታቸው ከጎኔ እየሮጡ ጣውላውን ከነእግሩ ታቅፈዋል። ኩንታል የለመደ ጀርባ ነው፤ ክብደቱ አልተሰማኝም። የተሰማኝ የሚሞቅ ነገር በጭኔ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ነው።

"ዞር በሉ! ሰው ይዘናል! ዞር በሉ!"

በየመተላለፊያው እየተገፋን፣ ከሱቆቹ መሐል እየሾለክን፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚያወጣው መንገድ ላይ ደረስን። ጥጉን ስንዞር ቆምኩ።

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ስጋጃ ያነጠፈ፣ ካርቶን ያነጠፈ፣ ጋቢውን ያነጠፈ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ተሰልፏል። መጨረሻው አይታይም። ልክ እኛ ስንደርስ በድምፅ ማጉያው "አላሁ አክበር" ተባለና ሁሉም እጁን አነሣ። መርካቶ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዚያ ቀን ሰማሁ። የሰይድ ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ሲያፏጭ ሳይቀር ይሰማኛል።

ወደ ኋላ ዞሬ በሌላ መንገድ ለመሄድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ፊት ለፊት ደግሞ የሚረገጥ ክፍት መሬት የለም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሰይድ በመዳፉ ዘጋኝ።

"አትጩህ።"

"እየደማህ እኮ ነው! ሰው እየሞተብን ነው ብላቸው ይከፍቱልናል!"

"ይከፍታሉ። እኔ ነኝ አትጩህ ያልኩህ። ሁለት ረከዓ ብቻ ነው፤ አሁን ሰግደው ይጨርሳሉ። እኔም አልሰገድኩም።" ትንፋሽ አጠረው። "አውርደኝ።"

"በየትኛው እግርህ ልትቆም?"

"እንግዲያው አንተ ቁም። ፊታቸውን ወዳዞሩበት አዙረኝ።"

"ሰይድ፣ የኔ ልጅ፣ ጭንቅላትህን መታህ እንዴ?" አሉ ጋሼ ወርቁ። እያለቀሱ ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እግሬን ትንሽ ቀና አድርጉልኝ" አለ።

ብጮህ ኖሮ ይሻል ነበር? አላውቅም። ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ያን ሰው ጁምዓውን አስቀርቼ፣ ክምር ንጄበት፣ አሁን ደግሞ ይህን ልከለክለው አቅም አጣሁ። አዞርኩት።

ቆሞ መስገድ ያልቻለ ሰው በጭንቅላቱ ምልክት ይሰግዳል፤ ይህን ቀድሞም ከሱ ሰምቻለሁ። ሰዉ ጎንበስ ሲል የሰይድ ራስ ትንሽ ዘመም አለ። ሰዉ ሁሉ ግንባሩን መሬት ላይ ሲያደርግ የሰይድ ግንባር ማጅራቴ ላይ አረፈ። ላብ ነው፣ ጤፍ ነው፣ ይሞቃል። ከንፈሩ ቆዳዬ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። እኔ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሳለም ፊቴን የማዞር ሰው፣ መስገጃ ሆኜ ቆምኩ። መንቀሳቀስ አልችልም፣ መሄድ አልችልም። ደሙ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። እኔም በሆዴ እሳደባለሁ። ሰይድን ሳይሆን እላይ ያለውን። "ምን አደረገህ? እኔ ነበርኩ የምትፈልገው፤ እኔ እዚሁ ነኝ! ይሄ ሰው ምን አደረገህ?"

ተነሡ። ደግመው ወረዱ። ተነሡ። ሁለተኛው ረከዓ ሆነ። እንደገና ጎንበስ አሉ። እንደገና ግንባሩ ማጅራቴ ላይ አረፈ፣ ተነሣ፣ አረፈ።

ሰዉ ቀና ብሎ ተቀመጠ። የሰይድ ግንባር አልተነሣም።

"ሰይድ" አልኩ በቀስታ።

ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። አንገቴ ላይ የተጠመጠሙት እጆች ላሉ።

"ሰይድ። ሰይድ! ጋሼ፣ እዩት! ዓይኑን እዩት!"

ጋሼ ወርቁ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩ። በድምፅ ማጉያው "አሰላሙ ዐለይኩም" ሲባል የእኔ ጩኸት ከላዩ ወጣ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሰዉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ የሰገዱበትን ስጋጃ ገፈው "አስተኛው፣ እዚህ ላይ!" አሉ። አራት ሰው ጫፍ ጫፉን ያዘ። ከዚያ በፊቴ ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ አየሁ። "መንገድ! መንገድ!" የሚለው ድምፅ ከእኛ ቀድሞ ይሮጣል። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ሲሮጡ አልደረስኩባቸውም።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ "ትንፋሽ አለው" ተብሎ ገባ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ሚስቱ ዘይነብ ከምትሸጥበት የቅመም ሱቅ ሮጣ መጣች፤ እጇ በርበሬ እንደሆነ ነው። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እኔ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ሐኪሙ ወጣ።

"በሕይወት አለ። እግሩን ግን ማዳን አልቻልንም፤ ከጉልበቱ በላይ ቆርጠነዋል። እስከ ነገ ደግሞ ምንም ማለት አልችልም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች ዘይነብ።

ያኔ ፈነዳሁ። "ምኑ ነው የሚመሰገነው? እግሩን ወስዶበት? ተሸካሚ ነው እኮ! ለጸሎት ሲሄድ የኖረ ሰው ነው እኮ!"

ቀስ ብላ ዞረች። "ለእግሩ ያመሰገንኩ መሰለህ?"

"ታዲያ ለምኑ ነው?"

"እኔ እንጃ አያልነህ! ገብቶኝ መሰለህ?" ድምፅዋ ተሰበረ። "አንተ ሦስት ዓመት ስትሰድበው ኖረሃል። ልጅህን መለሰልህ? ምክንያቱን ነገረህ? አልነገረህም። ለእኔም አይነግረኝም። ብሰድብም ባመሰግንም ያው የማይነገረኝ ከሆነ፣ እኔ ማመስገኑን መረጥኩ። አሁን ዝም በል፣ ልጸልይለት።"

በሕይወቴ እንደዚያ የመታኝ ሰው የለም።

ሰይድ እሑድ ነቃ። ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን ነገርኩት። ሁለት ቀን ያላገኘሁትን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"ሰይድ፣ ክምሩ በራሱ አልሄደም።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ላይ ሆኜ እያየሁህ ነበር። ጎንበስ ብለህ የሥረኛውን ስትስብ። 'ተው!' ልልህ አፌን ስከፍት ጤፍ ገባብኝ።"

"እያወቅክ ነው ጀርባዬ ላይ..."

"በማን ጀርባ ልውጣ? ጋሼ ወርቁ አይችሉኝ!"

ሳቀ፤ ጎኑን ይዞ ደግሞ አቃሰተ። እኔ አልሳቅኩም። ሲያቃስት ቆይቶ "አናድደኸኛል" አለኝ። "አሁንም አናድደኸኛል። ግን ሂድና አትምጣ አልልህም።"

"ያኔ ጀርባዬ ላይ ስትሰግድ እንዲያተርፍህ ስትለምነው ነበር፣ አይደል?"

ጣሪያውን አየ። "ልለምን አስቤ ነበር። ስለ እግሬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ አንተም። ቃሉ ጠፋኝ። ሱጁድ ላይ፣ ግንባር መሬት ሲነካ፣ ሁልጊዜ የምንለው ብቻ መጣልኝ። ሱብሃነ ረቢየል አዕላ። ከሁሉ በላይ የሆነው ጌታዬ ጥራት ይገባው፣ ጉድለት የለበትም ማለት ነው።"

"እንዲህ አድርጎህ?"

"እንዲህ አድርጎኝ። ለምን እንዳደረገው አላውቅም፤ ቢነግረኝም የሚገባኝ አይመስለኝም። የእኔ እግር ሲያጥር ግን እሱ አላጠረም።"

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ። ብዙ አለቀሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያመሰግን ሰው የማያመው ሰው ይመስለኝ ነበር። ለቅሶና ምስጋና ከአንድ አፍ ሲወጡ ያየሁት ያኔ ነው።

ለጋሼ ወርቁም የእኔ ጥፋት መሆኑን ነገርኳቸው። ሁለት ወር አላናገሩኝም፤ ልክ ናቸው። ሰይድን ግን አልጣሉትም። ዛሬ እዚያው መጋዘን ተቀምጦ ጆንያ ይሰፋል። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው፤ ጆንያው ላይ በቀለም ከተጻፈው የነጋዴ ስም ጀምሮ። አንድ ዓርብ "ልሸከምህና አንዋር ላድርስህ" ስለው "ላብህ ይሸታል፤ ምርኩዜ ይሻለኛል" አለኝ።

እንግዲህ አንባቢዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህን ታሪክ አንብቦ ምክንያቱን ሊነግረኝ የሚነሣ ሰው አይጠፋም። ብዙ ሰምቻለሁ። "ከባሰ ሊያድነው ነው" ያሉኝ አሉ፤ "አንተን ሊመልስህ ነው" ያሉኝም አሉ። እኔን ለመመለስ የሰይድ እግር መቆረጥ ነበረበት ወይ? እንዲህ የሚሉኝን ሰዎች ዛሬም ፊት ለፊት እቆጣለሁ። ልጄ ለምን እንደሞተች አላውቅም። ሰይድ ለምን በእኔ ጥፋት እንደተቀጣ አላውቅም። የማታውቁትን አታስረዱኝ።

የተለወጠው ሌላ ነው። ድሮ "መጀመሪያ ምክንያትህን ንገረኝ፣ ከዚያ እሰግድልሃለሁ" ነበር የእኔ ነገር። ገዢና ሻጭ ዋጋ ሲከራከሩ ስሰማ ስለኖርኩ ከፈጣሪም ጋር የምከራከር መስሎኝ ነበር። ሰይድ ሳይነገረው ሰገደ። ያውም ያጠፋው ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ፣ እየደማ። እሱን ተሸክሜ የቆምኩባቸው ደቂቃዎች ከሦስት ዓመት ስድቤ ይልቅ ከብደው ቀሩብኝ።

ሰይድ ከሐኪም ቤት በወጣ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ያልበዛበት ሰዓት መርጬ ነው፤ እንዳያዩኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የምለው ነገር አስቤ ነበር፤ እዚያ ስደርስ ጠፋኝ። "አልገባኝም" አልኩ፤ "አልገባኝም፣ ግን አንተ ጌታ ነህ።" ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት አደረግኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ጠበቅኩ። መልስ አልመጣም፤ ዕንባ እንኳ አልመጣም።

ተነሣሁና ደግሜ ሰገድኩ።